በማን ቃል ወረድን

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህሩ፣ ወጣቷ ሐኪም ጥያቄዋን ጨርሳ አፏን ከመግጠሟ።

መምህሩ ጡረታ የወጡ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ጠያቂዋ ዶክተር አይናለም ትባላለች፤ ድሮ ያስተማሯት ናት። የመጀመሪያ ጥናቷን ጨርሳ ለአንድ የሕክምና መጽሔት ልትልክ ስትል አንድ ነገር ከነከናትና እሳቸው ዘንድ መጣች። ጥናቱን የሠራችው እሷ ነች። የክፍሏ ኃላፊ አንድ ገጽ እንኳ አላነበቡትም፤ እሷ ግን ስማቸውን ከጸሐፊዎቹ ሁሉ በላይ፣ ከራሷም አስቀድማ ልትጽፍ አስባለች።

«እሳቸው አልጠየቁኝም ጋሼ» ነበር ያለችው። «ግን ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ደግሞ የእሳቸው ስም ካለበት መጽሔቱም ቶሎ ይቀበለዋል፣ የሚያነበውም ሐኪም ያምነዋል። አክብሮት ነው እንጂ ስርቆት አይደለም። ማንን ይጎዳል?»

መምህሩ ቁጡ ሰው ናቸው። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳብ አድርገው ተደገፉና ታሪካቸውን ቀጠሉ።

እንግዲያ ስሚ። የዚህ ገበሬ አገር ደጋ ነው። መሬቱ አርጅቷል፤ አፈሩን ጎርፍ ጠርጎ ወስዶት ድንጋዩ አግጥጧል። የዘሩትን ያህል እንኳ አይመልስላቸውም። ስለዚህ በየዘመኑ ሌላ መሬት ፍለጋ መውጣት ልማዳቸው ነው። ታዲያ አያቶቻቸው ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ ያወጡት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ሕዝቡ አዲስ መሬት ላይ ከመስፈሩ በፊት አንድ ሰው ይላካል። አይቶ የሚመለስ እንዳይመስልሽ፤ እዚያው ያድራል። ዓመቱን ሙሉ፣ በጋውንም ክረምቱንም ያድርበታል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ መሬቱ ላይ ይተኛል። ሳይሞት ከተመለሰ ያገኘውን ለሕዝቡ ይናገራል። ቀማሽ ይሉታል።

አነጋገሩም ሥርዓት አለው። ቀማሹ የተመለሰ ጊዜ ሕዝቡ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ይሰበሰባል፤ እሱ በትሩን ይዞ መሐል ይቆማል። ከዚያ ይጠየቃል። ወንዱ ይጠይቀዋል፣ ሴቱ ይጠይቀዋል፣ ሕፃኑ ይጠይቀዋል፣ የመንደሩ እብድ ሳይቀር ይጠይቀዋል። ትንኙ እንዴት ነው፣ ሌሊት አላሳከከህም ወይ፣ ሽንትህ ምን ይመስል ነበር፣ እውነትህን ነው ወይስ እየቀጠፍክ ነው፣ አይባልም የሚባል ነገር የለም። ጠያቂው ጠይቆ ጠይቆ እስኪሰለቸው ድረስ ቀማሹ አይቀመጥም። ሲናደድ ይስቁበታል። ሲያለቅስ ደግሞ «አልቅስና ጨርስ፣ ከዚያ መልስልን» ይሉታል። ጭካኔ ይመስላል አይደል? በዚህ ጭካኔ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

ገበሬው የተላከው ወደ ቆላ ነበር። ከተራራው ግርጌ ወንዝ የሚያልፍበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ አፈሩ ጥቁር፣ ሣሩ እስከ ወገብ የሚደርስ። መከር እንደገባ ወርዶ ጎጆ ቀለሰና በጋውን አደረበት። ምንም አላገኘውም። እንዲያውም ወፈረ። ክረምቱ ሲገባ ግን የቤቱ ናፍቆት አላስቀምጥ አለው። ሚስት አለችው፣ አንድ ወንድ ልጅ አለው፣ ማሳውም ጦም ሊያድር ነው። ጥቂት ዝናብ ካየ በኋላ «ክረምቱንም ይኸው አየሁት፤ ከዚህ ወዲያ ያው ነው» ብሎ ራሱን አሳመነና ተመለሰ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉትን ወራት፣ መስከረምንና ጥቅምትን፣ አላደረባቸውም ማለት ነው። ሌላም ነገር ነበር። የቆላው ከብት አርቢዎች ዝናቡ ሊያቆም ሲል ወንዙን ትተው ከነቤተሰባቸው ወደ ጉብታው እንደሚወጡ አጫውተውታል። ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። ለሣር ይሆናል ብሎ አለፈው።

ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳታስቢው። የደከመውና ቤቱ የናፈቀው ሰው ነበር፤ እኔና አንቺም ብንሆን ከዚህ የተሻልን ለመሆናችን እንጃ።

ዳገቱን ሲወጣ ግን የሚጠብቀውን ሥርዓት ያስብ ጀመር። ወይራው ሥር ሲቆም የሚመጣበትን የመጀመሪያ ጥያቄ ያውቃል፤ «መቼ መቼ አደርክበት?» ይሉታል። ደግሞም ድሃ ነው፤ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰርበታል። ቢናገርስ ማን ከቁም ነገር ይጥፈዋል? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ወደ ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ቤት አቀና።

እኒህ ሽማግሌ ደግ ሰው ነበሩ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ በክፉው ዓመት ጎተራቸውን ከፍተው አገር አብልተዋል። ገበሬውንም ወላጆቹ ሲሞቱ አሳድገው፣ ድረውት፣ ልጁን ክርስትና ያነሱለት እሳቸው ናቸው።

«አባቴ፣ ከወይራው ሥር እርስዎ ቢናገሩልኝ» አላቸው።

«ምኑን?»

«የቆላውን ነገር። እርስዎ ካሉት ሰው ያምናል። እኔን ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እኮ አላደርኩበትም ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ማደሬ እርስዎ እንዳደሩ ነው። ያጎረሱኝ እርስዎ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁኝ እርስዎ። ክብሩም የእርስዎ ይሁን።»

ሽማግሌውን ነገሩ ደስ አላቸው፤ ማንንስ ደስ አይለውም? «ምድሩ ደህና ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

«ደህና ነው። ይኸው እኔን አያዩኝም፣ ወፍሬ መጣሁ።»

«እንግዲያስ እሺ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ልጃቸውን ያህል የሚያምኑትን ሰው ምን ብለው ይመርምሩት?

ገበሬው ቀለል ብሎት ወጣ። ውለታ የከፈለ መሰለው፤ ደግሞም ከፍሏል። ነገር ግን ከምስጋናው ጋር ሌላ ነገር ተጠቅልሎ መግባቱን በልቡ ያውቅ ነበር። ሽማግሌው ከፊቱ ቆመውለት እሱ ከኋላቸው ሊደበቅ ነው። ይህን ለሚስቱም አልነገራት፣ ለራሱም አልነገረው።

ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ገበሬው በትሩን ይዞ መሐል ገባ። ገባና፣ እጅ ነስቶ በትሩን ለሽማግሌው ሰጠ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ «አሳዳጊውን የማይረሳ ልጅ» ብለው መረቁት። እሱም ወደ ዳር ወጥቶ ቆመ።

ሽማግሌው ንግግር ያውቁበታል። የአፈሩን ጥቁረት፣ የወንዙን ጥራት፣ የሣሩን ርዝመት ቆመው እንዳዩት አድርገው ተናገሩ። ሲጨርሱ እንደ ሥርዓቱ ጠያቂ ተጠበቀ። ማን ይጠይቅ? ግማሹን አስታርቀውታል፣ ግማሹን አብልተውታል። የመንደሩ እብድ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ብድግ አለች። ሰዎቿን ሁሉ ቀብራ ከአንድ የልጅ ልጇ ጋር የቀረች ሴት ናት።

«በየትኞቹ ወራት ነው የታደረበት?» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠው ጎልማሳ ነጠላዋን ጎተት አደረገ። «ምን ነካሽ እማማ? እሳቸውን ነው እንደ ተራ ሰው የምትመረምሪው?»

«እኔ ምን አልኩ? ሁልጊዜ የሚጠየቀውን ነው የጠየቅሁት።»

«ዓመቱን ሙሉ ታድሮበታል፤ አይዞሽ» አሏት ሽማግሌው በፈገግታ። ሆን ብለው የዋሹ እንዳይመስልሽ። ሥርዓቱ ዓመት ነው፣ ያሳደጉት ልጅ ደግሞ ሥርዓት አይጥስም ብለው ነው።

ባልቴቷ ግን አልተቀመጠችም፤ ዞር ብላ ገበሬውን ዓይን ዓይኑን አየችው።

እዚህች ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ሁሉ። «የለም፣ እኔ ክረምቱ ሳይወጣ ነው የተመለስኩት» ቢል በቃ ነበር። ግን ይህን ቢል ሽማግሌውን በአገር ፊት ውሸታም ማድረጉ ነው። ያጎረሰውን እጅ እንዴት ያሳፍር? በትሩ በእጁ ቢሆን ኖሮ ይመልስ ነበር፤ ባይወድም ይመልስ ነበር፣ ሕዝቡ ሳይመልስ አይለቀውማ። አሁን ግን ጥያቄው የእሱ አይደለም፣ መልሱም የእሱ አይደለም። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ባልቴቷም ተቀመጠች፤ ሕዝቡም ተመራርቆ ተነሣ።

አዝመራቸውን ሰብስበው ወረዱ። ምን አለፋሽ፣ በጋው ድንቅ ሆነላቸው። ልጆቹ ወተት ጠገቡ፣ ሰው ፊቱ ወዛ፣ ሽማግሌውን መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ጉልበታቸውን ይስማል። ገበሬውም ቀስ በቀስ ነገሩን ረሳው። ክረምቱ ገባ፣ ዘነበ፣ ወጣ። ሜዳውን አጥለቅልቆ የነበረው ወንዝ ሲመለስ በየጉድጓዱ ውሃ ትቶ ሄደ። ትንኝ ከየት መጣ ሳይባል አገሩን ሞላው። መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ሕፃን በረደኝ አለ። ከዚያ ጎረቤቱ፤ ከዚያ ማዶ ያለው ቤት። ንዳድ ነበር። ሰው በጠራራ ፀሐይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይወድቅ ጀመር። ንዳዱ ሕፃናቱን አስቀደመ። ጥቅምት ሲገባ አልቃሽ እንጂ ቀባሪ አልነበረም።

የባልቴቷ የልጅ ልጅ ሞተ። ከሽማግሌው ቤት ምራታቸው ከነጨቅላዋ ሞተች። የገበሬውም ልጅ ተያዘ። አባቱ ጋቢውን አለበሰው፣ የሚስቱን ነጠላ ደረበበት፣ ራሱም ላዩ ላይ ተኛበት። ልጁ ግን «አባዬ፣ አሁንም በረደኝ» ይላል። እናትየው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታያለች።

«አንተ ያደርክበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?» አለችው።

«አልነበረም።»

«በመስከረምም?»

ጋቢውን በልጁ ላይ ያስተካክል ጀመር። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። በአምናው መስከረም የት እንደነበረ ታውቃለቻ፤ አብሯት አረም ሲያርም ነበር። ይህን ነገር እሷም እስከዚያች ሰዓት አላሰበችውም ነበር። ልጁ ሌሊቱን አላለፈውም። ሚስቱ ከቀብር በኋላ እህል አቀረበችለት፣ ውሃ አቀረበችለት፣ ቃል ግን ነፈገችው። እስክትሞት አላናገረችውም።

የተረፉት ሕመምተኛውን እየተሸከሙ ወደ ጉብታው ወጡ። እዚያ ከብት አርቢዎቹን አገኙ፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ልጆቻቸው ይራወጣሉ። የአርቢዎቹ ሽማግሌ የሰዎቹን ሁኔታ አይቶ አፉን በእጁ ያዘ። «በዚህ ወር ወንዝ ዳር ማን ያድራል?» አለ። «እኛ እስከ ኅዳር አንወርድም። አስቀድሞ ለመጣው ሰው ነግረነው ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ባልቴቷ ተነሣች። ነጠላዋን የሚጎትት ሰው አልነበረም፤ ያ ጎልማሳ ሞቷል።

«በማን ቃል ወረድን?» አለች።

ሰው ሁሉ ባለጸጋውን ሽማግሌ አየ። በአንድ ወቅት የማይመለከታቸው ዓይን አልነበረም፣ እንዲህ ግን አይተዋቸው አያውቁም። «እኔ አላደርኩበትም» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «የነገረኝን ነው የተናገርኩት። ክብር ነው ብሎ ሰጠኝ፣ ክብር ነው ብዬ ተቀበልኩ።»

ባልቴቷ ወደ ገበሬው ዞረች።

«ያደርኩት እኔ ነኝ» አለ ገበሬው። «የተናገርኩት ግን እኔ አልነበርኩም። ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔ ጠይቄህ ነበር» አለች ባልቴቷ፤ ይህን ብላ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ብዙ አልቆዩም፣ በዚያው በጋ አረፉ። የገደላቸው ንዳዱ ይሁን ኀፍረቱ የሚያውቅ የለም። ለገበሬው ዕድሜ ተሰጠው። ሰላምታ የነፈገው ሰው አልነበረም፤ ግን ስለ ምንም ነገር የሚጠይቀው ጠፋ፣ ዛሬ ይዘንብ ይሆን ተብሎ እንኳ። የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቀማሽ ተላከ። ይህኛው ዓመቱን ሙሉ አድሮ፣ ጥሩ መሬት አግኝቶ ተመለሰና በትሩን ይዞ ቆመ። ሕዝቡ መጥቶ ቆሞ አየው። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁት ወደየቤታቸው ሄዱ። መልስ ማመን ያቃተው ሰው ለምን ይጠይቃል? ውሃ በሌለበት ጉብታ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

መምህሩ ታሪካቸውን ጨረሱ። አይናለም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መያዣውን ታሻሻለች።

«የእኔ ግን እኮ እውነት ነው ጋሼ» አለች። «አንድም ቁጥር አልነካሁም።»

«ገበሬውስ? ወፈርኩ ያለው ውሸት ነበር? ጥናትሽ የምን ነው?»

«የሕፃናት የሳንባ ምች። መድኃኒቱ ከለመድነው ባነሰ ቀን ቢሰጥ ይበቃል ወይ የሚል ነው።»

«ይበቃል ብለሻል።»

«ይበቃል።»

«ጥናቱ ውስጥ ያላስገባሻቸው ልጆች የትኞቹ ናቸው?»

«በምግብ እጥረት በጣም የከሱት» አለች። «እነሱን ለብቻ ማየት ነበረብን፣ ጊዜ አልበቃንም። ግን መጨረሻው ላይ በአንድ መስመር ጠቅሼዋለሁ።»

«አለቃሽ ያቺን መስመር ያውቋታል?»

«አላነበቡትም አልኩዎት እኮ።»

«አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ‹ይህ ለሁሉም ሕፃን ይሆናል ወይ› ብሎ የሚጠይቃቸው ቢገኝስ ምን ይላሉ?»

አይናለም የቦርሳዋን መያዣ ለቀቀች።

«‹አዎ፣ አይዞህ› ይላሉ» አሉ መምህሩ። «በቅን ልብ ይላሉ። አንቺም ከታች ተቀምጠሽ መሬት መሬት ታያለሽ፤ እሳቸውን በሰው ፊት አታሳፍሪማ። ገበሬው አንቺ ነሽ ልጄ፣ በትሩ ያ የመጀመሪያው ስም ነው። አሁን ደግሞ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አስቢ። አንድ ወጣት ሐኪም አለ፤ የአለቃሽ ተማሪ የነበረ። ፊቱ አንዲት እናት አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ያንቺን ጥናት አንብቦታል። ለዚህ ልጅ ይሆናል ወይ ብሎ ልቡ ይጠራጠራል። ከዚያ ከላይ የተጻፈውን ስም ያያል። አስተማሪውን እንዴት ይጠርጥር? መድኃኒቱን በአጭሩ ያቆመዋል። ማንን ይጎዳል ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? ያንን ልጅ ነው።»

«እንግዲያ ለእሳቸው ያለኝን ምስጋና የት ላድርገው?» አለች አይናለም ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ምስጋና የሚጻፍበት ቦታ ከጽሑፉ ግርጌ አለ፣ እዚያ አመስግኛቸው። ቤታቸው ሄደሽም አመስግኛቸው፣ በዓል ሲሆን ጠይቂያቸው። ከርዕሱ ሥር የሚጻፈው ስም ግን ጠይቁኝ፣ ቆሜ እመልሳለሁ የሚል ሰው ስም ነው። ያቺ እናት ልጇን ቀብራ ‹ለምን?› ብላ ብትመጣ፣ ማን ፊቷ ቆሞ ይመልስላታል? የእሱን ስም ጻፊ።»